ከሴባስቶፖል እስከ ጭነት መኪና፦ በጋይንት መንገድ ላይ የክብደት ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ጭነት መኪና ሚዛን ሊናገር መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የማነሣው ጥያቄ ግን የቆየ ነው፦ የጭነትን ልክ ማን ያውቃል? ከልክ ሲያልፍስ ዋጋውን ማን ይከፍላል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እህል በቁናና በዳውላ ይሰፈር ነበር። እነዚህ ስፍር እንጂ ሚዛን አይደሉም። የሸክሙን ክብደት የሚያውቀው የአህያው ጀርባ ነበር፤ ባለቤቱም አረማመዱን አይቶ ጭነቱን ያቀልለት ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስከትለው ነበር። የመድፉ ክብደት 7 ቶን ገደማ ይገመታል። በጋይንት አልፎ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ለመሻገር አስቀድሞ መንገድ መጥረግ ያስፈልግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ መዋላቸውን በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ጉዞው እስከ መጋቢት ፈጀ። የዚያን ጭነት ክብደት የመዘነው ገመድ የጎተተው ሰው ትከሻ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ከዙላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ሸክሙን ለተሸካሚው ልክ አዘጋጅቶ ነበር። የተራራ መድፎቹ አፈሙዝ 68 ኪሎ ግራም ያህል ስለነበር በበቅሎ ይጫን ነበር፤ ለከባዶቹ መድፎች ደግሞ ከህንድ 44 ዝሆኖች መጡ። የሁለቱን ጉዞዎች ፍጥነት ከለዩት ምክንያቶች አንዱ ይህ ዝግጅት ነው።

ዛሬ 7 ቶን ለአንድ መካከለኛ የጭነት መኪና የሚከብድ አይደለም። ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። በዚህም ተሸካሚው ተለወጠ፤ የትከሻውንና የጀርባውን ቦታ መንገዱ ወሰደ። መንገድ ግን እንደ አህያ ቆሞ አይለግምም። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስል ላይ ባረፈው ክብደት አራተኛ ርቢ ገደማ ነው። በ10 ቶን ፈንታ 12 ቶን የተጫነበት አክስል ጉዳቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል ማለት ነው።

በመኪናው ላይ የሚገጠመው ሚዛን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአየር ትራስ ባለው መኪና የአየሩን ግፊት፣ ባሌስትራ ባለው ደግሞ የብረቱን መለጠጥ ወይም መርገብ ለክቶ፣ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ክብደቱን እንዲያነብ ያደርጋል። የመንገድ ዳር ሚዛን ጣቢያ ጥፋቱን የሚያገኘው መኪናው ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው፤ ይህኛው ግን ገና ሲጫን ይናገራል።

ሆኖም መሣሪያው የሚያሳውቅ እንጂ የሚከለክል አይደለም። ክፍያው በኩንታል ከሆነ፣ ትርፍ ጭነት ለባለመኪናው ጥቅም ነው፤ ለተቦረቦረው አስፋልት የሚከፍለው ግን ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በሽተኛ የሚያደርሰው ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በጋቢና ውስጥ መቅረት የለበትም፤ ጭነት አስጫኙም የመንገድ ተቆጣጣሪውም ሊያዩት ይገባል። የሴባስቶፖል ጎታቾች ስለ ሸክማቸው አልተጠየቁም። የዛሬዎቹ ተሸካሚዎች ግን የሚጠየቁበት መንገድ አለ፤ እርሱም ሚዛኑን በይፋ ማንበብ ነው።