ከዓይናለም እስከ ዴንቨር፦ የጎማ ነገር

ባለፈው እሁድ ማታ የእህቴ ልጅ ከዴንቨር ደወለ። እናቱ ስልኩን ቀድማ ይዛ፣ ትንሽ አልቅሳ ትንሽ ስቃ ስታበቃ ወደ እኔ አቀበለችኝ።

«አኮይ፣ መኪና ገዛሁ» አለኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ! ምን ገዛህ?»

«ሙስታንግ።»

ዝም አልኩ። እኛ ቤት መኪና ማለት ሰው ወይ እህል የሚጭን ነገር ነው። ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ጉልበቷ ሁሉ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄድ መኪና ለቤተሰባችን የመጀመሪያዋ ናት።

«ጥያቄ አለኝ» ብሎ ቀጠለ። «ጎማዋ የበጋ ነው። ክረምት ደግሞ እየመጣ ነው። ኦል ሲዝን ላድርግላት ወይስ የበረዶ ጎማ ለብቻው ልግዛ? ጓደኞቼ ሁለት ቦታ ተከፍለውብኛል።»

እናቱ ከጎኔ ሆና «ክረምትማ አለፈ እኮ፣ መስቀልም ወጥቷል» አለች። እሷ ስለ ዝናብ ነው የምታወራው፤ እሱ ስለ ብርድ። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ ነው። የእሱ ክረምት የሚገባው የእኛ በጋ ሲጀምር፣ ገበሬው አጨዳ ላይ እያለ ነው። በረዶ የሚለው ቃላችን ራሱ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም፣ እዚያ መንገድ ላይ እንደ ዱቄት የሚከመረውንም በአንድ ስም ይጠራል። በትግርኛም በረድ ስንል ያው ነው። ያላየነውን ነገር በምን እንለየው?

እኔ ጎሚስታ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። የጠየቀኝ ግን በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ በ1960ዎቹ ከአስመራ አዲስ አበባ በኤንትሬ ይመላለስ ነበር። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለውን ጭነት መኪና ሕዝቡ ኤንትሬ ብሎ አስቀርቶታል። ስለ ጎማ በቤታችን የሚወራው ሁሉ ከእሱ የተወረሰ ነው። «አስቤበት እደውልልሃለሁ» አልኩት። ሳስብ ሳስብ ነገሩ ረዘመና ይኸው ለእናንተም ጻፍኩት።

ከቃሉ ልጀምር። ጎማ የጣሊያን ቃል ነው። ጎሚስታም እንደዚያው። ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ክሪክ፣ ቡሎን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን... መኪና ሥር ገብተህ የምትጠራው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። መኪና ወደ አገራችን የገባችው ግን ከዚያ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪናውን አዲስ አበባ አድርሶ ዐፄ ምኒልክ ተሳፍረውባታል። በነፋስ የሚነፋውን ጎማ ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ ከሠራው (እ.ኤ.አ. 1888) ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው።

መኪናዋ ቀድማ መጣች፤ መንገዱ ግን ዘገየ። ከአስመራ በዓዲግራት፣ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን የመኪና መንገድ በስፋት የሠራው ጣሊያን ነው፤ የሠራውም ለወረራው ነው። ታንኩንና ስንቁን ለማመላለስ ተራራ ሰነጠቀ፣ ጣርማ በርን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በዋሻ በሳው። ከመቀሌ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ደግሞ አላጌ አለ። በኅዳር 1888 ዓ.ም. የእነ ፊታውራሪ ገበየሁ ጦር የጣሊያኑን ሻለቃ ቶዜሊን የገጠመበት፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠበት ያው ተራራ ነው። መንገዱ ጀርባው ላይ እየተጠማዘዘ ወጥቶ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

አባቴ ወደዚያ ዳገት ከመግባቱ በፊት ዓዲ ሽሑ ላይ ይቆም ነበር። ብረት ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ከኋላው ጥንድ ጎማ መሃል ድንጋይ ካለ ይፈለቅቃል። ረዳቱ ቢቸኩልበት «ሞተሩ ያወጣሃል፣ ፍሬኑ ያወርድሃል፣ መሬት ላይ የሚያቆይህ ግን ጎማው ነው» ይለው ነበር። ልጅ እያለሁ ይህን ንግግር ከጸሎት እኩል ነበር የምንሰማው።

አሁን አንድ የገረመኝን ዓመት ልንገራችሁ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦርነት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር 1936 ነው። በዚያው በ1936 ፊንላንድ ውስጥ አንድ የጎማ ፋብሪካ ሀካፔሊታ የሚባል የበረዶ ጎማ ለቤት መኪና አወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ለጭነት መኪና የመጀመሪያውን ሠርቶ ነበር። ፊንላንዶች ግማሽ ዓመት በበረዶ ላይ ይኖራሉ፤ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ የተከመረውን በረዶ እየነከሰ የሚሄድ ጎማ ያስፈልጋቸው ነበር። አንዱ አገር ጎማን ለኑሮው ሲያበጅ፣ እኛ ዘንድ በዚያው ዓመት ጎማ ጦር ጭኖ መጣ።

በኋላ ሚሽላን እ.ኤ.አ. በ1946 ራዲያል ጎማን አመጣ። በእኛም አገር በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የጎማ ፋብሪካ ተከፈተ። አሜሪካኖቹ በዚያ ዘመን ብርድ ሲገባ የበረዶ ጎማ ያስገጥማሉ፣ ሲሞቅ ይፈታሉ። ወጪ አለው፣ ማስቀመጫ ቦታ ይፈልጋል፣ ይሰለቻል። ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1977 ቲየምፖ የሚባል ጎማ ይዞ ብቅ አለና አንዱን ገጥማችሁ ዓመቱን ሙሉ ንዱ አለ። ኦል ሲዝን የሚባለው ነገር በሰፊው ገበያ የገባው እንዲህ ነው። የተወለደው ለሰው እንዲመቸው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ምቾት ዋጋ አለው። ጎማ እንደ ቅቤ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። የስፖርት መኪና የበጋ ጎማ በሞቀ አስፋልት ላይ እንዲጣበቅ ተብሎ የተቀመመ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ይደርቅና መንገዱን መያዝ ይተዋል፤ ለዚህ በረዶ እንኳን አያስፈልግም። ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ሲደርስማ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አንዳንድ አምራቾች መኪናውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ ይላሉ። የበረዶ ጎማ ደግሞ በብርድም እንዲለሰልስ ሆኖ የተቀመመ ነው፤ በሙቀት ከነዳኸው ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ስትይዝም ይዋልላል። ኦል ሲዝን መሃል ላይ ያለ ነው፤ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለው፣ የሁለቱንም ያህል ግን አይሆንም።

እኛስ? ዓይናለም ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የአሸጎዳን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ፊትህን ሲገርፍህ ብርዱ ከዚያም የባሰ ይመስላል፤ ለጎማ ግን ይህ ብርድ አይባልም። መቀሌ ከዴንቨር በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፤ ዴንቨር 1 ሺህ 600 ሜትር ላይ ብትሆን ነው። ከፍታው የእኛ፣ በረዶው የእነሱ! የእኛ ጎማ ጠላቱ ሌላ ነው፤ ፀሐይ፣ ኮረት፣ እርጅና።

የእርጅናውን ነገር የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ከሰኔ 2013 በኋላ ደግሞ ነዳጁም ባንኩም ስልኩም ተዘጋ። የእኔ አሮጌ ኮሮላ ግቢ ውስጥ ቆመች። መጀመሪያ በየሳምንቱ አስነሳት ነበር፤ ከዚያ የቀረችውን ቤንዚን ለሕመምተኛ ጎረቤት ሰጠንና አበቃ። ዶሮዎቹ ሥሯ ማደር ጀመሩ። ይሄ ዛሬ ስለ ሙስታንግ የሚጠይቀኝ ልጅ ያኔ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም ነበር። እሷም በየማታው ስልኳን ቻርጅ ባገኘች ቁጥር እየከፈተች ኔትወርክ ታያለች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ታኅሣሥ ላይ አውሮፕላን ተመልሶ አሉላ አባ ነጋ ሲያርፍ፣ እኛ ዓይናለም ያለን ሰዎች ድምፁን ሰምተን ደጅ ወጣን። ደስታም ድንጋጤም ነበር፤ የአውሮፕላን ድምፅ ሌላ ነገር አስለምዶን ነበርና።

ነዳጅ ሲገኝ ኮሮላዋን አስነሳኋት። ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። እንዲያውም «ቆማ ስለከረመች አላለቁም» ብዬ ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ማይጨው ያለችው አክስታችን አረፈች። እህቴን አሳፍሬ ለቀብር ወጣን። አላጌን ስንወርድ የፊት ግራው ጎማ ፈነዳ።

መሪው ከእጄ ሊወጣ ሲል የያዝኩት በጉልበት አይደለም፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ወደ ተራራው በኩል ሳበን እንጂ ወደ ገደሉ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እህቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። ስኮርቱን ቀይረን ማይጨው ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው እየተመለሰ ነበር። አክስቴን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እዚያ ያለ አንድ ወጣት ጎሚስታ የፈነዳውን ጎማ ወደ ብርሃን ይዞ ጎኑን አጠፍ አደረገው። እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ጎኑ ላይ የተጻፉ አራት ቁጥሮች አሳየኝ፦ 1411። «መምህር፣ ይሄ ጎማ የ2011 ነው፣ በፈረንጅ። 14ኛው ሳምንት» አለኝ። እኔ ከጦርነቱ በፊት አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት ነው። ስገዛውም ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር ማለት ነው! እንደ አባቴ በብረት መትቼ ብሰማውም አይነግረኝም ነበር። ጥርሱን ስቆጥር ዕድሜውን ረሳሁት። ታሪክ አስተምራለሁ እላለሁ፣ ጎማዬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ግን አላነበብኩም።

ስለዚህ ረቡዕ ለልጁ ደወልኩለትና መጀመሪያ አራቱን ቁጥሮች እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ከስድስት ዓመት ካለፈ በደንብ ይመርመር፣ አሥር ከሞላ ጥርሱ ምንም ቢያምር ይጣል።

ቀጥዬ የት የት እንደሚነዳ ጠየቅሁት። «በሳምንት ሁለት ቀን ሥራዬ ተራራውን ተሻግሮ ነው» አለኝ። ተራራው ቀልድ አይደለም። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ ያለበት ነው፤ ወደ 3 ሺህ 400 ሜትር፣ ከጣርማ በርም በላይ። የኮሎራዶ ሕግ ራሱ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ በፈረንጅ መሆኑ ነው፣ በዚያ መንገድ በሁለት እግሯ ብቻ የምትጎተት መኪና ተገቢው ጎማ እንዲኖራት ወይም ሰንሰለት እንድትይዝ ያዛል።

እንዲህ አልኩት፦

«ከተማ ውስጥ ብቻ ብትሆን፣ በረዶ በጣለ ቀንም በአውቶቡስ የምትሄድ ብትሆን ኦል ሲዝን ይበቃህ ነበር። እሱንም ስትገዛ ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ፈልግ፤ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈው እሱ ነው። ኤምና ኤስ የሚሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ስለ ጥርሱ ቅርፅ ይነግሩሃል እንጂ ስለ ፈተና አይነግሩህም። አንተ ግን አላጌ የሚሉት ነገር በሳምንት ሁለቴ አለብህ። መኪናህ ደግሞ በኋላ እግሯ የምትገፋ፣ ጉልበቷ ከክብደቷ የበዛ ናት። ስለዚህ የበረዶ ጎማ በራሱ ቸርኬ ለብቻው ግዛ፤ መኪናህ ከተቀበለችው ጠበብ ያለውን፤ ጠባብ ጎማ በረዶውን ቆርጦ ይገባል፣ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል። አራቱንም ቀይር። ሁለቱን ብቻ ብትቀይር አንዱ ጫፍ ሲይዝ ሌላው ይከዳሃል። የበጋውን አስቀምጠው፣ ሲሞቅ ትመልሰዋለህ። ሁለቱ ጎማዎች ተራ በተራ ስለሚሠሩ ሁለቱም ይቆዩልሃል፤ ወጪው እንደምትፈራው አይደለም።»

«አኮይ፣ በረዶ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ እየሳቀ።

«አላየሁም። ገደል ግን አይቻለሁ» አልኩት።

እናቱ ይሄን ሁሉ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ ስልኩን ተቀበለችኝ። «ጎማው ስንት ነው ልጄ? እኔ ልላክልህ?» አለችው። ባንክ በተዘጋበት ጊዜ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ጤፍ የገዛች ሴት ናት። ልጁ መሳቁን ተወና «ነገ እገዛለሁ እማ» አላት። ትናንት ፎቶ ላከ፤ አራት ጎማ በራሳቸው ቸርኬ ላይ። ቁጥሩን አጉልቼ አነበብኩት። ዘንድሮ የተሠራ ነው።

እናንተም ነገ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጎንበስ በሉና አራቱን ቁጥሮች አንብቡ። ደቂቃ አይፈጅም። ያገኛችሁትን ከሥር ጻፉልኝ፤ የስንቶቻችን ጎማ ከጦርነቱ በፊት እንደተሠራ እንይ።