ውጅግራ፦ ለሦስት ሥራ አንድ ጠመንጃ

ቅድመ አያቶቻችን አንዱን ጠመንጃ ለአደን፣ ሌላውን ለቤት ጥበቃ የማለት አቅም አልነበራቸውም። ያው አንዱ አውሬ ይጥላል፣ ሌባ ይመልሳል፣ ክተት ሲታወጅም ይዘመትበታል።

ስመ ጥሩ ውጅግራ ነበር፤ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ። ይኸው የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ጢሱም ተኳሹን ያሳብቃል። ፈረንሳይ በ1886 (እ.ኤ.አ.) በሌቤል ስትተካው አሮጌው ወደኛ ጎረፈ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይም ዋለ። እዚያው አውሮፓ ከቀረው ብዙው አፈሙዙ እየተቦረቦረ የወፍ ማደኛ ሆነ።

ታዲያ ባላገሩ ለምን ወደደው? ጥይቱ ገበያ ላይ ስለሚገኝ ነዋ! እንዲያውም ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጥይት ያጣ ጠመንጃ ዱላ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምር፦ ጥይቱም በብዛት የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበር።