የዓሣ ወጥመድና የደንገል ታንኳ በጣና

የቅርጫት ወጥመድና የደንገል ታንኳ የጣና ሐይቅ ዳርቻ ነባር የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያዎች ናቸው። የሙያው ዋነኛ ባለቤቶች ነገደ ወይጦ የሚባሉት ናቸው፤ ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ፣ በአብዛኛው ሙስሊም የሆኑ፣ ቀድሞ በጉማሬ አደን የሚታወቁ የሐይቁ ዳር ሕዝብ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት አግልለዋቸዋል። ያገለላቸው ሰው ግን በሠሩት ታንኳ ሲሻገርና እንጨቱን ሲያስጭን ኖሯል።

በደብረ ወርቅና በሌላው የጎጃም ደጋ ሴቶች ሞሰብና ሰፌድ በስንደዶና በአክርማ፣ በወስፌ እየወጉ ይሰፋሉ። የሐይቁ ሙያ ሌላ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ከመካከሉ ይዞ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው በየጊዜው ወደ የብስ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ሠሪው ዘወትር ትኩስ ደንገል ያሻዋል።

የቅርጫት ወጥመድ በጋና የሚኖሩትን ኤዌዎች ጨምሮ ብዙ ሕዝቦች የሚሠሩት ነው። በተለመደው ዓይነት አፉ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ የጉሮሮው ጫፎች ወደ ውስጥ ስላዘነበሉ ዓሣው ገፍቶ ይገባል እንጂ መመለሻውን አያገኝም።  ጣና ላይ በክረምት፣ ሌቦባርበስ ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙን በአጥር ዘግቶ ማጥመድና በብርብራ ፍሬ ማደንዘዝ የሚጎዱት የሚራባውን ዓሣ ስለሆነ፣ ከሐይቁ ዳር ወጥመድ ጋር አንድ ላይ ሊቆጠሩ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። አምባዛና ቆሮሶ ብዙ ሲወጣ፣ በ1990ዎቹ የሌቦባርበስ ብዛት በእጅጉ ቀነሰ። ዩኔስኮ አካባቢውን በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ሆኖም ደንገሉ ለእርሻና ለግጦሽ ይመነጠራል፤ ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ያጨናንቃል። የደንገሉ መመናመን የሙያው ትልቁ አደጋ ነው፤ ሠሪዎቹ ቢኖሩም ያለ ደንገል ታንኳ አይታሰርም።