የማንኪራ ጫካ፦ ከኮቦ ወሰን እስከ ትንበያ ሞዴል

ማንኪራ በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የሚገኝ የጫካ ቡና አካባቢ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ነዋሪው ለቀማ ሲደርስ ሥሩን መንጥሮ የቀላውን ፍሬ በእጁ ይለቅማል። ጫካው የት እንደሚጠበቅና የት ለጥቅም እንደሚውል የሚወሰንበት መንገድ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል።

በቀድሞው ሥርዓት በካፋና በአጎራባቹ ሸካ ነዋሪው ጫካውን በኮቦ ይከፋፈለው ነበር። ኮቦ ባለቤቱ ቀፎ የሚሰቅልበትና የጫካ ምርት የሚሰበስብበት ድርሻ ነው። ማር ያለ ቋሚ ዛፍ ስለማይገኝ፣ ባለ ኮቦው ዛፉን ለመጠበቅ የራሱ ምክንያት ነበረው። የማን ድርሻ የት እንደሚያበቃ የሚያውቁትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1897 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የካፋ መንግሥት በዓፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ የመሬት ሥሪቱም ተናጋ። በ1975 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬትን የሕዝብ ንብረት አደረገ። ኮቦ በሕግ በኩል መሠረቱ ቢሳሳም ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም።

ከአዋጁ ቀደም ብሎ የጫካ ቡና ዘር ወደ ሌላ አገር ተወስዶ ነበር። በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበው ዘር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ደረሰ፤ ከ2004 ወዲህም በውድ ዋጋ የሚሸጥ ቡና ሆነ። ዘሩን መርጠው ያሻሻሉት ሌሎች ናቸው፤ የተገኘበት ጫካ ነዋሪዎች በሥራው አልተሳተፉም።

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ የጅማ (መልኮ) ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታውን የተቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው እየፈለጉ መረጡ። 74110ና 74112 በሚባሉት ዝርያዎች መጠሪያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ያመለክታሉ። ለበሽታው መፍትሔ የተገኘው በጫካው ውስጥ ካለው የዘር ብዝኃነት ስለነበር፣ ጫካውን መጠበቅ የቡናውን የወደፊት ዕጣም መጠበቅ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

በ1990ዎቹ በቦንጋ አካባቢ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪውን ወደ ውሳኔው መለሰው። ተጠቃሚ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ተዋውለው የደኑን ወሰን በጋራ ለዩ፤ የአጠቃቀም ደንብም አወጡ። በ2010 ዩኔስኮ የካፋን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሲመዘግብ አካባቢው በሦስት ቀጠና ተከፈለ፦ የማይነካ ማዕከላዊ ቀጠና፣ ውስን አጠቃቀም የሚፈቀድበት ከለላ ቀጠናና የልማት ቀጠና።

የኮምፒውተር ትንበያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2012 የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያዊው ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም የዱር አረቢካን የወደፊት ዕጣ በሞዴል አጠኑ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው፦ ቡናው የተገኘባቸው ቦታዎች መጋጠሚያ ነጥቦች ከሙቀትና ከዝናብ መረጃ ጋር ይገናኛሉ፤ ኮምፒውተሩ ቡናው የሚስማማውን የአየር ጠባይ ለይቶ በመጪዎቹ ዓመታት የት እንደሚቀር በካርታ ይሥላል። በቦታዎቹ ትንተና፣ የተሻለ በተባለው ውጤት እንኳ በ2080 ተስማሚ ቦታዎች በ65 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ፤ በከፋው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጠፋሉ።

ሞዴሉ የአየር ጠባይን እንጂ የደን ምንጠራን አላካተተም፤ ስለዚህ ሰው በጫካው ላይ የሚወስነው በስሌቱ አልገባም። በ2017 የወጣው ተከታይ ጥናት የሰውን እርምጃ ጨመረ። ምንም ካልተደረገ ከቡና አብቃይ መሬቱ ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል፤ ማሳዎች ወደ ተስማሚ ቦታ ቢዛወሩና ደን ቢጠበቅ ወይም ቢያገግም ግን ተስማሚው መሬት ቢያንስ በአራት እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በ2019 በወጣው ግምገማ መሠረት የዱር አረቢካ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ጋር ተመድቧል።

ለማንኪራ የእነዚህ ጥናቶች ትርጉም በደን አስተዳደሩ በኩል የሚያልፍ ነው። ሞዴሉ ሙቀቱ የት እንደሚበረታ ያሳያል፤ የትኛው ዛፍ እንደሚቆም፣ የትኛው ቦታ ለለቀማ እንደሚከፈትና ቡናው ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ከፍተኛ ቦታ ቢወጣ መሬቱ የማን እንደሚሆን ግን ማኅበራቱና ወረዳው በውል የሚወስኑት ነው። ኮቦ ሲፈታው የኖረው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ የተጨመረው ጫካውን ከአሥርት ዓመታት ቀድሞ የሚያሳይ ካርታ ነው።