«ሪዱክሽን» ስለ ተባለው ቃል ጥንተ ትርጓሜና ስለ እንፍራንዝ ምስክርነት

እንግሊዞች መቀነስን «ሪዱክሽን» ይሉታል። ቃሉ ግን በጥንተ ልደቱ መቀነስ ማለት አልነበረም። የተገኘው ከላቲን ነው፤ «ሬ» ወደ ኋላ፣ «ዱኬሬ» መምራት ማለት ነውና፣ ሁለቱ ሲጣመሩ መልሶ ማምጣት ይሆናል። ሙሶሊኒ «ዱቼ» የተባለበት ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በኋላ ዘመን ቃሉ ያመፀን ማስገበር፣ ምሽግንም በኃይል መያዝ ማለት ሆነ። የተገዛ ከቀድሞው ክብሩ ያንሳልና፣ በመጨረሻ መቀነስ ተብሎ ቀረ።

ኢየሱሳውያን የኢትዮጵያን ሰው ለሮማ ፓፓ መታዘዝ ማስገባትን በፖርቱጋል ቋንቋ በዚሁ ቃል ይጽፉት ነበር። በፓራጓይም ከ1602 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ተወላጆች ሰብስበው ያኖሩባቸውን መንደሮች በዚሁ ስም ጠሩ።

ዐፄ ሱስንዮስ በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ፣ በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴስ ፊት ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ለፓትርያርኩም በእንፍራንዝ አገር፣ ደብሳን በተባለው ስፍራ፣ የድንጋይ ማደሪያ ተሠራ። እንፍራንዝ አስቀድሞ በጉዛራ ግንብ የታወቀ፣ ዐፄ ሠርጸ ድንግል የከተሙበት አገር ነው።

ከዚህ በኋላ ካህናቱ ክህነትን፣ ሕዝቡም ጥምቀትን እንደ ገና እንዲቀበሉ ታዘዘ። መልሶ ማምጣት የተባለው ነገር ማስገበር ሆነ። ላስታ በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ፤ በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ክርስቲያን በክርስቲያን እጅ ወደቀ። ማስገበርም ወደ ማጉደል ደረሰ፤ የቃሉ ሦስት ትርጓሜ በአንድ ትውልድ ዕድሜ በሕዝብ ላይ ተፈጸመ። ንጉሡም ይህን አይተው፣ በዚያው ወር የእስክንድርያ ሃይማኖት እንድትመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

የአባቶቻችን ቋንቋ ግን ሁለቱን ነገር ለይቶ ያስቀምጣል፤ በግእዝ መመለስ «አግብኦ»፣ መቀነስ «አሕጽጾ» ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሁሉ፣ የጨረቃ ወር የሚጎድልባት ቀን ሕጸጽ መባሏን ያውቃል፤ ጎደለች ይላታል እንጂ ተመለሰች አይላትም። ከአባ ሰላማ ዘመን ጀምራ ክህነትዋን ከእስክንድርያ የተቀበለች ቤተ ክርስቲያንም ከሮማ አልኮበለለችምና መላሽ አያሻትም ነበር። ያልጠፋን በግ ከበረቱ አውጥቶ «መለስሁት» ማለት መንጋውን ማጉደል ነው። የደብሳን ፍርስራሽ ለዚህ ምስክር ሆኖ ቆሟል፤ ቃልን ከሥሩ ሳይመረምሩ የሚቀበሉም ከዚያ ይማሩ።