ልምድ የሌለው አስታማሚ ወደ ሐኪም ቤት የገባበት መንገድ

የሥራ ሁሉ በር የሚከፈተው በልምድ ነው ይባላል፤ ልምድ ግን የሚገኘው በሩን ካለፉ በኋላ ነው። ይህ ቋጠሮ በማናቸውም ሙያ ዘንድ ያለ ቢሆንም፥ በሕሙማን አገልግሎት ላይ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ይጠብቃል። አናጢ ቢሳሳት እንጨት ይበላሻል፤ አስታማሚ ቢሳሳት ግን የሚጎዳው የሰው ሕይወት ነውና፥ ሐኪም ቤት ያልለመደ እጅ ለመቀበል ቢፈራ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ነገር ግን ዛሬ የለመደው ሁሉ አንድ ቀን ያልለመደ ነበረ። ያ ሰው የመጀመሪያውን ቀን እንዴት አገኘው? ማንስ ተቀበለው? እስኪለምድ ድረስስ ማን ተጠነቀቀለት? የዚህን ጥያቄ መልስ ከታሪክ መመርመር የሚገባ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን ነገሩ ቀላል ነበረ፤ ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ የሙያው ትምህርት ቤት የባለሙያው ቤት ስለ ነበረ ነው። በኢትዮጵያ ወጌሻ ስብራት መጠገንን የሚማረው ከአባቱ ወይም ከዘመዱ አጠገብ ተቀምጦ ነው። የልምድ አዋላጅም ሙያዋን የምታገኘው እናቷን ወይም አክስቷን ተከትላ ወደ ምጥ ቤት እየሄደች፥ አስቀድሞ ውኃ በማሞቅ፥ ቀጥሎ ወላዷን በመደገፍ፥ በመጨረሻም ሕፃኑን በመቀበል ነው። ከእነዚህ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት የጠየቀ የለም፤ ምስክራቸው ጎረቤት ነበረና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእነርሱ በእውነት የተነገረ ነው።

ሕሙማን በታላላቅ ከተሞች በአንድ ጣራ ሥር በመቶ እየተቈጠሩ መተኛት በጀመሩ ጊዜ ግን ይህ መሰላል ተሰበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝና በጀርመን በሐኪም ቤት አልጋ ለአልጋ እየዞሩ የሚያስታምሙት አብዛኞቹ ከድኾች መካከል በትንሽ ደመወዝ የተቀጠሩ፥ ማንም ያላስተማራቸው ሴቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ልምድ የሌለው ሰው ሥራውን ማግኘት አልከበደውም፤ የከበደው ሥራውን በትክክል የሚያሳየው ሰው ማግኘት ነበረ። ስለዚህም የተከበረ ቤተ ሰብ ልጁን ወደዚያ መስደድን እንደ ነውር ይቈጥረው ነበረ።

ይህን ለማቃናት ከተነሡት አንዱ ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ የጀርመን የፕሮቴስታንት ቄስ ነው። በ1836 ዓመት ከሚስቱ ከፍሪደሪከ ጋር በራይን ወንዝ ዳር በካይዘርስቬርት ሐኪም ቤትና ሴቶች ዲያቆናውያት የሚማሩበት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያይቱ ዲያቆናዊት ገርትሩድ ራይሃርት የሐኪም ልጅ ነበረች፤ ሙያውን የቀመሰችውም አባቷን በመርዳት ነው። ከእርሷ በኋላ የመጡት ግን በብዛት ምንም የማያውቁ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ቤቱ ምግብና ልብስ ሰጥቶ፥ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ እያሠራ አስተማራቸው። እንዲህ አድርጎ ከባለሙያው ቤት ጋር የጠፋው መሰላል በሐኪም ቤት ውስጥ እንደ ገና ተተከለ።

ወደዚህ ቤት ከመጡት መካከል አንዲቱ በኋላ ስሟ ዓለምን የሞላው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በ1820 ዓመት ከባለጠጋ ቤተ ሰብ ተወለደች። በ1845 ዓመት በሶልዝበሪ ከተማ ሐኪም ቤት ጥቂት ወራት ተቀምጣ ማስታመምን ለመማር ብትለምን፥ ወላጆቿ ፈጽመው ከለከሏት። ልመናዋን ሳታቋርጥ ቈይታ በ1850 ዓመት ካይዘርስቬርትን ጐበኘች፤ በ1851 ዓመትም ተመልሳ ሦስት ወር ያህል እዚያው ተማረች። ከዚህ በኋላ በ1853 ዓመት በለንደን ለታመሙ ወይዛዝርት የቆመ አንድ ትንሽ ቤት የበላይ ጠባቂ ሆነች፤ ይህንም የመጀመሪያ ሹመቷን የያዘችው ያለ ደመወዝ ነው። አባቷ የዓመት ድርጎ ይሰጣት ነበረና ያለ ደመወዝ ማገልገል ተቻላት። ይህ ነገር ሳይታሰብ ሊታለፍ አይገባም፤ በነጻ አገልግሎ ልምድ የሚያገኝ የሚበላው ያለው ሰው ነውና። በ1854 ዓመት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶች አስከትላ ወደ ስኩታሪ ሐኪም ቤት ዘመተች።

በዚያው ዓመት የልምድ ነገር በሌላ መልክ የተገለጸበት ታሪክ አለ። በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን የተወለደችው ሜሪ ሲኮል ከእናቷ የማከም ጥበብን ተምራ፥ በጃማይካና በፓናማ በኮሌራ የተያዙትን ስታስታምም የኖረች ሴት ነበረች። ወደ ለንደን መጥታ ወደ ጦር ሜዳ ከሚላኩት አስታማሚዎች ጋር እንዲቀበሏት በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ብትጠና አልተቀበሏትም። በ1857 ዓመት ባሳተመችው መጽሐፏ የከለከላት የቆዳዋ ቀለም ይሆን ብላ ራሷን እንደ ጠየቀች ጽፋለች። በመጨረሻ በገዛ ገንዘቧ ወደ ክሪሚያ ተሻግራ በባላክላቫ አጠገብ ለወታደሮች ምግብ፥ መጠለያና መድኃኒት የሚገኝበት ቤት አቆመች። እንግዲህ «ልምድ የለህም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የልቡና ቃል እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል፤ ልምድ ሞልቶ ሳለ በሩ የተዘጋበትም ሰው ነበረና።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ለናይቲንጌል ክብር ባዋጣው ገንዘብ በ1860 ዓመት በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዚህ ቤት ሥርዓት ቋጠሮውን እንዴት እንደ ፈታው መመልከት ይጠቅማል። የምትገባው ሴት ያለፈ የሥራ ልምድ አይፈለግባትም፤ የሚፈለግባት መልካም ጠባይዋን የሚመሰክርላት ሰው ነው። አንድ ዓመት በሙከራ ስትቀመጥ ማደሪያ፥ ምግብና የሥራ ልብስ ታገኛለች፤ ለኪሷም በዓመት 10 ፓውንድ ይሰጣታል። ቁስል መጠቅለልን፥ አልጋ ማንጠፍን፥ በሽተኛን ሳያሳምሙ ማገላበጥን፥ የሕመሙንም ለውጥ አስተውሎ ለሐኪም መንገርን ትማራለች። የሴቶቹ አለቃ እመቤት ዋርድሮፐር በየወሩ ስለ እያንዳንዷ በመዝገብ ትጽፍ ነበረ፤ ሰዓት ማክበሯን፥ ጸጥታዋን፥ ንጽሕናዋን፥ መታመኗን፥ የእጅዋንም ሥራ። ዓመቱ ሲፈጸም ያ መዝገብ ለተማሪዋ የልምድ ምስክር ሆነላት። እንዲህ ሲሆን ልምድ ከውጭ የሚመጣ የመግቢያ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ፥ ቤቱ ራሱ ለሠራተኛው የሚሰጠው ስጦታ ሆነ።

ይህ ሥርዓት ወደ አሜሪካም ተሻገረ። በቦስተን ከተማ ሴቶች ሐኪሞች ባቆሙት በኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሐኪም ቤት ሜሪ ማሆኒ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በወጥ ቤት፥ በልብስ አጠባና በጽዳት፥ አንዳንድ ጊዜም አስታማሚዎችን በመርዳት 15 ዓመት ያህል አገለገለች። በ1878 ዓመት፥ 33 ዓመት ሲሆናት፥ በዚያው ቤት ወደሚገኘው የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት እንድትገባ ተፈቀደላት። ትምህርቱ 16 ወር ሲሆን፥ ሥራው ከማለዳ እስከ ማታ የማያሳርፍ ነበረ። ከእርሷ ጋር ከገቡት 42 ተማሪዎች በ1879 ዓመት የፈጸሙት 4 ብቻ ናቸው፤ ከአራቱም አንዲቱ እርሷ ነበረች። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል በትምህርት ቤት ተመርቃ አስታማሚ ለመሆን የመጀመሪያይቱ ናት። የማሆኒ ታሪክ ትጋትን የሚያስመሰግን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን 15 ዓመት በበሩ ውስጥ ሆና በሩ ሳይከፈትላት መኖሯንም ይመሰክራል። ደግሞም በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪም ቤቶች በተማሪ ስም ርካሽ ጉልበት ማግኘታቸው አይካድም። ሥራ እየሠሩ መማር መልካም የሚሆነው ትምህርቱ ለሥራው ሽፋን ሳይሆን በእውነት ሲሰጥ ነው።

በኢትዮጵያም ይኸው መንገድ በራሱ መልክ ታይቷል። ዘመናዊ ሐኪም ቤቶች በተከፈቱ ጊዜ ሐኪሞቹ በብዛት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ቋንቋ የሚያስተረጕምላቸውና ቁስል የሚያጥብላቸው ወጣት ያስፈልጋቸው ነበረ። ድሬሰር የተባለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሙያውን ያገኘው እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ዕቃ ቀቅሎ ያቀርባል፥ ቀጥሎ ቁስል ያጥባል፥ ይጠቀልላል፥ ኋላም መርፌ መውጋት ይማራል። በጠቅላይ ግዛቱ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ብዙ ሕዝብ «ሐኪም» ብሎ የጠራው ይህን ሰው ነው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው ማስታመምን ከሥር ጀምሮ ተማሩ፤ በ1939 ዓመትም የሕፃናት አስታማሚነት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፋቸው፥ ሥራው የውርደት ሳይሆን የክብር መሆኑን ለብዙ ወጣቶች አሳየ። በ1942 ዓመት በነቀምቴ በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በ1951 ዓመትም በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሐኪም ቤት በስማቸው ተከፈተ።

በ1953 ዓመት በደምቢያ ብርቱ የወባ በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በ1954 ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቋመ። በዚያ የጤና መኮንን፥ የማኅበረ ሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂ ባንድነት ይማሩ ነበረ፤ ከመመረቃቸውም አስቀድሞ በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ ሕዝቡን እያገለገሉ ሥራውን ይለማመዱ ነበረ። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ፥ በ2003 ዓመት፥ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ያው ዘዴ በሰፊው ተሠራበት። በየቀበሌው 10ኛ ክፍል የፈጸሙ፥ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ተመርጠው አንድ ዓመት ተምረው፥ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ከ30,000 በለጠ። ከእነዚህ ሴቶች የአስታማሚነት ልምድ የጠየቀ አልነበረም፤ የተጠየቁት መንደራቸውን ማወቅና ለመማር መፍቀድ ነው።

ዛሬ በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ዜሮ ዓመት» የሚለውን ቃል የሚፈልግ ምሩቅ ብዙ ነው፤ ማስታወቂያው ሁለትና ሦስት ዓመት ልምድ ሲጠይቅም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ታሪክ ለዚህ ወጣት የሚነግረው፥ ከእርሱ በፊት የገቡት ብዙዎች የገቡት በትንሹ ሥራ እንደ ሆነና፥ ሰዓት ማክበር፥ ንጽሕና፥ መታመንም ልምድ ሳይኖር አስቀድመው የሚታዩ ምስክሮች እንደ ሆኑ ነው። ለሐኪም ቤቱ አለቃ የሚነግረው ግን ከዚህ ይከብዳል። ለበሽተኛው መጠንቀቅ ማለት አዲሱን ሰው ከበር መመለስ አይደለም፤ ከለመደ ሰው አጠገብ አቁሞ፥ እያዩ ማሠራትና በየወሩ መመዘን ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቤት ደክሞ ያሠለጠነው ነው። ሁሉም ቤት የሠለጠነውን ብቻ እቀጥራለሁ ካለ፥ አሁን ያሉት አስታማሚዎች አርጅተው ባለፉ ጊዜ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆም አይገኝም።