ባልደረባ፦ ስለ ሥራ ፍለጋ ታሪክ ከቆሼ የተገኘ ትምህርት

ትምህርቱን ወደ መጨረስ የተቃረበ ተማሪ ሁሉ ስለ ሥራ ሲያስብ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «ማንን አውቃለሁ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ አንዳንዶች የዘመናችን ብልሽት ያመጣው ነው ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነው ብለው «ኔትወርክ» በሚል ስም ይጠሩታል። ሁለቱም አባባል ጐደሎ ይመስለናል። ጥያቄው በአገራችን የቈየ ነው፤ በየዘመኑ የተለወጠው መልሱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ከቤተ መንግሥት ደጅ ተነሥቶ፣ በምዕራብ ዐዲስ አበባ በኮልፌ ቀራኒዮ እስከሚገኘው ቆሼ ድረስ በመሄድ ይህንኑ ለማስረዳት ይሞክራል።

1. ደጅ ጥናት

በቀድሞው ዘመን ሹመትም፣ መሬትም፣ ቀለብም የሚገኘው ከንጉሥ ወይም ከመኰንን እጅ ስለ ነበረ፣ ሥራ ፈላጊው በደጃቸው ቆሞ መታየት ነበረበት። ይህም ደጅ ጥናት ይባላል። ደጅ ጠኚው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቃል፤ ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር የሚቈጣጠረው አጋፋሪው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ በግቢው ዘመድ የሌለው ሰው ግን ባልደረባ ይሰጠው ነበር። ባልደረባ ማለት የባለጉዳዩን ነገር ወደ ጌታው የሚያደርስ፣ የጌታውንም ቃል ወደ ባለጉዳዩ የሚመልስ ሰው ነው። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች እንኳ ጉዳያቸውን በባልደረባ በኩል ያስፈጽሙ እንደ ነበር ይታወቃል።

የባልደረባ ሥርዐት በጎም ክፉም ነበረው። በጎነቱ፣ ዘመድ የሌለውን ሰው ደጅ ላይ እንዳይቀር ማድረጉ ነው። ክፋቱ፣ የአንዱ ዕድል በሌላው አንደበት ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ያለ እጅ መንሻ የማይከፈት አንደበትም አይጠፋም ነበር።

2. የተማረ ሰው የሚፈለግበት ዘመን

በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈቱ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ቋንቋና ጽሕፈት የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ስለ ነበረ መንግሥት ራሱ ይፈልገው ጀመር። የዐዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ተመራቂዎች የሚጠብቃቸው ወንበር አላጡም። በ1950ዎቹ ዓመታት ማዕከላዊ የፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ሐሳቡ ሠራተኛ በፊቱና በዘሩ ሳይሆን በፈተናውና በማኅደሩ እንዲመዘን ነበር። ይሁንና ልማድ በአዋጅ አይሻርምና፣ ደጅ መጥናት የሚለው ቃል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቶች በረንዳ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በአስተማሪነት፣ እንዲያገለግሉ ተደረገ። የዚህ አገልግሎት አንዱ ፍሬ ሳይነገርለት የቀረ ይመስላል፤ ወጣቱ ከዘመዱና ከአገሩ ልጅ ውጪ የሆኑ፣ ሥራውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን አተረፈ። በደርግ ዘመን ተመራቂውን የሚመድበው መንግሥት ነበር፤ ስለዚህ ሥራ መፈለግ የሚባለው ጥበብ ለአንድ ትውልድ ያህል ሳይለመድ ቀረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በጊዜ ብዛት ከ40 በላይ ሆኑ። ተመራቂው ጋዜጣ ገልጦና በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ተጋፍቶ «የሥራ ልምድ ያለው» የሚለውን ቃል ሲያነብ «ማንን አውቃለሁ?» ወደሚለው ጥያቄ ተመለሰ።

3. ቆሼ

ቆሼ የሚለው ስም ቆሻሻ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ቦታው የከተማው ጥራጊ መጣያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ተመርቆ ነበርና ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአቅራቢያው ባለው በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ማከሚያ ነበረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት ተቋቋመ። ከሩቅ ለሕክምና ከመጡት ብዙዎቹ ከዳኑም በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ በዙሪያው ሰፈሩ። ሰው ይሸሻቸው ስለ ነበረ ቀጣሪ ማግኘት ይቸግራቸው ነበር። ለእነርሱና ከገጠር ለሚፈልሱ ድኾች የጥራጊው ክምር ማመልከቻ የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት ሆነላቸው።

ማመልከቻ ባይጠየቅም ዕውቀት ይጠየቅ ነበር። የጭነት መኪናው ከየትኛው ሰፈር እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከቦሌና ከሆቴሎች የሚመጣው ይበልጥ ይፈለጋልና። ብረቱን ከቆርቆሮው፣ የሚሸጠውን ላስቲክ ከማይሸጠው መለየት፣ የዕለቱን ዋጋ ማወቅም ያሻል። የተለቀመው ዕቃ ከገዢ ወደ ገዢ እየተላለፈ እስከ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ የሚታመነውን ገዢ መለየትም ሌላ ትምህርት ነው። ይህን ሁሉ ለአዲስ ገቢ የሚያሳየው ቀድሞ የገባ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የአገር ልጅ ነበር። ባልደረባው እርሱ ነው።

ነገር ግን ይህ ትውውቅ ወሰን ነበረው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንደሚባለው፣ ወንድም ወንድሙን የሚያስገባው ራሱ ወዳለበት ስፍራ ነው። ሁሉም የሚያውቁት አንዱን ሥራ፣ አንዱን ገዢ፣ አንዱን ሰፈር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ የተከፈተው አዲስ መጣያ በገበሬዎች ተቃውሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲዘጋ ጥራጊው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ በግርጌው በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። የአደጋው ምክንያት የሟቾቹ ትውውቅ አይደለም፤ ተጠያቂነቱ ክምሩን እንዲያ ከፍ እስኪል በሰው መኖሪያ ላይ የተወ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ በአንድነት መጥፋቱ፣ ድኻ በዘመዱ በኩል የሚያገኘው በር ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ያሳያል። ሌላ በር የሚያሳየው ሰው ቢኖር ኖሮ ከዚያ የሚወጣ ብዙ ነበር።

4. ከዚህ ምን እንማራለን?

ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1965 ዓ.ም. (1973 እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነገር አግኝቷል። በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኒውተን ከተማ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ዘወትር ከሚያገኙት ወዳጅ የሰሙት ከ100 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት ጊዜ አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ስለ ሆነ፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ካለ ሰው ነው ማለት ነው።

እንግዲህ በቢሮ ዘመድ የሌለው ተማሪ፣ በተለይም የሰፈሩ ስም ሲጠራ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት የቆሼ ልጅ፣ ተስፋ የሚቈርጥበት ምክንያት የለም። የጽሑፍ ሥራውን ያነበበለት መምህር፣ በተለማማጅነት ያሠራው ሹም፣ ከእርሱ በፊት የተመረቀ ልጅ፣ በበጎ ፈቃድ አብሮት የደከመ ሰው፣ ሁሉም ለአዲስ ወሬ በር ናቸው። ወደ እነርሱም ሲሄድ «ሥራ ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «እናንተ ዘንድ ሥራው እንዴት ያለ ነው? ምን ልማር?» ቢል ይበጀዋል። የመጀመሪያው ልመና ስለሆነ ሰውን ያስጨንቃል፤ ሁለተኛው ምክር ስለሆነ ሰውን ያስደስታል። ሥራ ያገኘ ዕለትም ማመስገንን፣ ተራው ሲደርስም ለሚከተለው ማመልከትን አይርሳ።

እዚህ ላይ በምስክርነትና በአድልዎ መካከል ያለው ድንበር መታወቅ አለበት። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ አድሎኛ ያላየውን ይናገራል፣ የተሻለውንም ሰው ከደጅ ያስቀራል።

ባልደረባ የሚለው ቃል ዛሬ ትርጉሙ ተለውጦ የሥራ ጓደኛ ማለት ሆኗል። ቃሉ ከጌታው ደጅ ወርዶ አብሮ ወደሚሠራ ሰው መምጣቱ ለእኛ ጥሩ ምልክት ነው። ለተማሪ የሚበጀው ባልደረባም ይኸው ነው፤ አብሮት ስለ ሠራ የሚያውቀው፣ ስለሚያውቀውም አፉን ሞልቶ የሚመሰክርለት። ከቆሼ ወጣቶች ተምረው ሥራ የያዙት በማን ምስክርነት እንደ ገቡ ሌሎች ተማሪዎች ተከታትለው ቢያጠኑ፣ ለቀጣዩ ተመራቂ ትልቅ ስንቅ ይሆናል።